የሸምሱ ፑንቲና

እታለም ሩዋይዳ፣ የአላህ ሰላም ከደጅሽ አይራቅ። እማዬን፣ ልጆችሽን፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። እኔ እዚህ አል ዐይን፣ የጋራዦቹ ሰፈር ሰናይያ፣ ደህና ነኝ።

ኮሮና ገብቶ ጋራዡ ሰው ሲቀንስ፣ «ታጁ የድሮ መኪና አያውቅም» ብሎ ለአሠሪያችን ለካፊሉ ነግሮ ያስባረረኝን ያገራችንን ልጅ ሸምሱን ታስታውሺዋለሽ? አላህ አሳየኝ! ካፊሉ ከአባቱ የወረሳት አሮጌ ፒካፕ አለችው። ሸምሱ ለሞተሯ እሳት የምትሰጠውን ፑንቲና በየሳምንቱ እየሞረደ፣ «ከእኔ በቀር የሚነካት የለም» እያለ ይኖር ነበር። ባለፈው ሐሙስ ፈላጅ ሃዛ መንገድ ላይ ቀጥ አለች፤ ሸምሱ ሞርዶ ሞርዶ ማስነሳት ቢያቅተው ካፊሉ እኔን አስጠራኝ። ፑንቲናዋን ነቅዬ ጣልኩና በምትኩ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ገጠምኩላት። ቁልፉን ገና ሳዞረው ተነሳች።

«ይቺስ መቼ ትሞረዳለች?» አለኝ ካፊሉ።

«ከእንግዲህ ሞረድ አያሻትም» አልኩት፣ ሸምሱን እያየሁ።

«እንግዲያስ ሸምሱ፣ ኸላስ፣ በቃ» አለው። ከማስኩ በላይ ያለው ፊቱ ሲጠቁር ሳይ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ሸምሱ ዕቃውን እየሰበሰበ፣ «ቤንዚን ይሸታል፣ የሚያፈስ ነገር አለ» አለኝ። ቅናት ነው ብዬ ሳቅሁበት፤ እኔን ምንም አልሸተተኝም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ግን ቤንዚኑ ከፒካፗ ሥር ተኝቷል።

ሸምሱ ሥራ ፍለጋ አቡ ዳቢ ሄደ አሉ። ይንከራተታ፣ እኔም ተንከራትቻለሁ!

እኔ ከሰሞኑ ክፍል ለብቻዬ ይዣለሁ፤ ሙቀቱ ስለበረታ ነው። የላክሽልኝ በርበሬም ሽታም ጣዕምም የለው፣ ገለባ ገለባ ይለኛል፤ ነፍሶበት ይሆናል። ስልኬ ጥቂት ቀን ዝም ካለ ለእማዬ ኔትወርክ ነው በያት።

ዱዓሽ አይለየኝ፤ የዛሬን አጥብቀሽ አድርጊልኝ።

ወንድምሽ ታጁ