ከምድጃው እስከ ማብሪያና ማጥፊያው፦ የወይዘሮ ማዘንጊያ ፍቅረ ማርያም የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ማዘንጊያ ፍቅረ ማርያም ከአባታቸው ከአቶ ፍቅረ ማርያም ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አበጋዝ መስከረም 21 ቀን 1952 ዓ.ም. በድሬዳዋ ከተማ፣ ከዚራ በተባለው ሰፈር ተወለዱ። ከእሳቸው በፊት የተወለደው ወንድ ልጅ በጨቅላነቱ አርፎ ስለነበር፣ እናታችን ሐዘናቸውን ይረሱበት ዘንድ ስማቸው ማዘንጊያ ተባለ። በተወለዱ በሰማንያ ቀናቸው ክርስትና ተነሡ። አባታችን የምድር ባቡር ጋራዥ ሠራተኛ ነበሩ። ይህን ታሪክ የጻፍኩት ታናሽ እህታቸው ዝናሽ ነኝ። ዕድሜዬን ሙሉ የጠራኋቸው እትዬ እያልኩ ነው፤ ዛሬ ግን ወጉ ነውና ወይዘሮ ማዘንጊያ እላለሁ። ካመለጠኝ ይቅር በሉኝ።

ትምህርታቸውን እዚሁ ከተማ ተከታትለው እስከ ዐሥረኛ ክፍል ደረሱ። ከዚያ በላይ ያልገፉት ሰንፈው አይደለም፤ እናታችን ሲታመሙ ቤቱን የሚይዝ ሰው ስለጠፋ ነው። እኔ ግን ትምህርቴን አላቋረጥኩም። ለትምህርት ቤት አበጥረው የሚልኩኝ፣ ስመለስ ምሳዬን ይዘው በር ላይ የሚጠብቁኝ እሳቸው ነበሩ። አስተማሪ ሆኜ ጡረታ የወጣሁት በእሳቸው ድካም ነው።

በ1973 ዓ.ም. በባቡሩ ላይ ቲኬት ተቆጣጣሪ ከነበሩት ከአቶ ዓብዩ ነጋ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ጋብቻቸውን ፈጸሙ። ልጆቻቸውን ኑሀሚንንና ተሰማን አፈሩ። በ1984 ዓ.ም. ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ በመኖሪያ ግቢያቸው ፊት ለፊት ምግብ ቤት ከፈቱ። የጣቢያው ሠራተኛ ጠዋት ፉሉን፣ ምሳ ላይ ሩዝ በፍየል ሥጋውን የሚበላው እሳቸው ዘንድ ነበር። አቶ ዓብዩ በ1990 ዓ.ም. በድንገት ሲያርፉ ልጆቹንም ምግብ ቤቱንም ብቻቸውን ተሸከሙ።

በዚያ ለቅሶ ላይ ያየሁትን መቼም አልረሳውም። ሰው ግጥም ብሎ ተቀምጧል፤ ወይዘሮ ማዘንጊያ ደረታቸውን እየደቁ ያለቅሳሉ። በመሐል ብድግ አሉ። ሊወድቁ ነው ብለን ተሯሯጥን። እሳቸው ግን ጓዳ ገብተው፣ በጠራራ ፀሐይ የበራውን አምፖል አጥፍተው፣ ተመልሰው ተቀመጡና ልቅሷቸውን ቀጠሉ። ያኔ በጣም አፍሬባቸው ነበር። ባሏ ሞቶ ስለ አምፖል ታስባለች ይበሉን እንዴ ብዬ።

የቀድሞው ባቡር ሥራው እየቀነሰ ሄዶ ሲቆም የምግብ ቤቱም ደንበኛ አብሮ ቀነሰ። የመብራቱ ሂሳብ ግን አልቀነሰም። ስምንት ሠራተኞች ነበሯቸው። ዘመድ ወዳጁ ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ሰው ቀንሺ ብለን ወተወትናቸው። መልሳቸው አንድ ነበር፦ «ሰው ከምቀንስ እሳት እቀንሳለሁ።»

እውነትም ቀነሱ። ፍሪጆቹ ከምድጃው ጎን ነበር የሚቆሙት። ማዕድ ቤቱ ጠባብ የሆነበት ሁሉ የሚያደርገው ነው፤ ባዶ ቦታ የተገኘው እዚያ ነበራ! ጎኑ እየጋለ በረዶ ሥራ ሲባል ፍሪጁ ቀኑን ሙሉ ያቃስታል። ጥላ ወዳለበት ግድግዳ አዛወሯቸው። ዋና አብሳያቸው አቶ ዲሪር በየደቂቃው እዚያ ድረስ ልመላለስ ወይ ብለው አኩርፈው ሰነበቱ፤ በኋላ ግን ለሌላው ምግብ ቤት ሁሉ አስተማሪ የሆኑት እሳቸው ናቸው። ባቄላና ምስር ሳይዘፈዘፍ መጣድ ቀረ። ክዳን የሌለው ድስት ከቤት ወጣ። ወጡ ሊበስል ጥቂት ሲቀረው ምድጃው ይጠፋል፤ በቀረው ግለት ይጨርሳል። ቆርቆሮው ነጭ ቀለም ተቀባ፤ ቤቱም ቀዝቀዝ አለ። ደንበኛው በልቶ ሲነሳ ቬንትሌተሩ ይጠፋል። ኧረ ገና እየጎረሰ የጠፋበትም አለ! የሰፈሩ ልጆች «እማማ አጥፉት» የሚል ስም አወጡላቸው። ሲሰሙ ይስቁ ነበር እንጂ አልተቀየሙም። በልጃቸው በተሰማ ሠርግ ላይ እንኳ፣ ሙሽሮቹ ሲገቡ እልል እያሉ ሄደው ሰው የሌለበትን ክፍል መብራት አጥፍተዋል።

ከስምንቱ ሠራተኞች አንድም ሰው አልተሰናበተም።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር ሳይነገር ቢያልፍ ደስ አይለኝም። ፉል ረጅም ሰዓት ይፈልጋል፤ በኤሌክትሪክ ሲቀቀል ሂሳቡ አይቻልም። ስለዚህ ከኋላ ባለችው ጣሪያዋ ዝቅ ያለ ማዕድ ቤት በእንጨት ይቀቀል ተባለ። ጭሱ መውጫ አልነበረውም። ወይዘሮ ማዘንጊያ ሠራተኞቼን ጭስ አላስበላም ብለው ፉሉን ዓመታት ሙሉ የቀቀሉት ራሳቸው ናቸው። ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ የተሠራው ሳሉ ከጀመራቸው በኋላ ነው። ይህን ስጽፍ ዛሬም ያናድደኛል። እትዬ፣ ሌላውን ሁሉ ከጭስ ስታወጪ ምነው ራስሽን ረሳሽ? አንቺስ ሰው አልነበርሽም?

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሳሉ ጠናባቸው። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ሳንባቸው ያለ እርዳታ መሥራት አቃተው ተባለ። ኦክስጅን የሚሰጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሽን ተገዝቶ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሐኪሞቹ ቀንም ሌሊትም እንዳይነቀል አስጠነቀቁ። ለማን ነው የሚነግሩት! ኑሀሚን ዞር ስትል እጃቸው ወደ ማጥፊያው ይሄዳል። «እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» ስትላቸው፣ «ትንሽ ልረፍ ብዬ ነው፤ ይቺ ነገር ቆጣሪውን ጨረሰችው እኮ» ይሏታል። ልጅቷ እያለቀሰች መልሳ ታበራለች። ክርክሩ የየዕለት ሆነ። እኛ አጠገባቸው የተቀመጥነው እንዳያጠፉት ለመጠበቅ ነበር።

መጋቢት ላይ ሙቀቱ በረታ። አመሻሽ ላይ ሰው ሁሉ ቬንትሌተሩን ሲከፍት የግቢው ቤቶችና ምግብ ቤቱ በሚጋሩት መስመር ኃይሉ ይደክማል። አንድ ምሽት ማሽኑ መጮኽ ጀመረ፤ አየሩ አነሰ፤ የወይዘሮ ማዘንጊያ ከንፈር ጠቆረ። ኑሀሚን ባዶ እግሯን ወደ ግቢ ወጥታ እሪ አለች። ረመዳን ነበር። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ፊርዶስ ሊያፈጥሩ ማዕድ ቀርበዋል። ወይዘሮ ፊርዶስ የመጋላ ሰፈር ልጅ ናቸው፤ የደቻቱን ወንዝ ተሻግረው እዚህ ግቢ ካገቡ ጀምሮ ከእህቴ ጋር ተለያይተው አያውቁም። መተዳደሪያቸው ጁስና በረዶ ነው፤ ሁሉም ያለው ፍሪጃቸው ውስጥ ነው። ያን ፍሪጅ ነቀሉት። ከዚያ በየበሩ እየዞሩ «አጥፉ! ኸረ አጥፉ! ማዘንጊያ ትንፋሽ አጠራት!» አሉ። ቬንትሌተሩም፣ ምድጃውም፣ ቴሌቪዥኑም ጠፋ። አቶ ዲሪር የምግብ ቤቱን መብራት ደንበኛ እንደሞላ አጠፉት። ማሽኑ ጩኸቱን አቆመ፤ እህቴም ተነፈሱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ፣ በእነዚያ የድሬዳዋ ምሽቶች፣ ጎረቤቱ በሙሉ በረንዳ ላይ በካርቶን እያራገበ ተቀመጠ። ወይዘሮ ፊርዶስ ቀኑን ሙሉ ጾመው የሚያፈጥሩት በሞቀ ውሃ ነበር። በረዷቸው እየቀለጠ የወለሉ ሸክላ ላይ ሲፈስ አይቻለሁ። ለእህቴ እንዳይነገራቸው ተማማልን።

ማንን ልናታልል! የቬንትሌተር ድምፅ ከሩቅ የሚለዩ ሰው ናቸው። አንድ ምሽት ዝም ብለው አዳመጡና ወይዘሮ ፊርዶስን አስጠሩ። «ፊርዶስ፣ ምነው ግቢው ጸጥ አለ?» ወይዘሮ ፊርዶስ ውሸት አይሆንላቸውም፤ ነገሯቸው። «አንቺ ደግሞ ጾመኛ ሰው፣ በዚህ ሙቀት! እንዲህ ያለውን ከማን ተማርሽ?» አሏቸው። «ወይ ጉድ! ከማን ይሆናል? ከአንቺው ነዋ!» ሁለቱም ተቃቅፈው አለቀሱ። እኔም በሩን ይዤ አለቀስኩ።

ከዚያች ምሽት በኋላ ወይዘሮ ማዘንጊያ ወደ ማጥፊያው እጃቸውን አልዘረጉም። ይህ ሁሉ ሰው በሙቀት እየነደደ ያመጣልኝን አየር እኔ አላባክንም ይሉ ነበር። ትንፋሹን እስከ መጨረሻው በጸጋ ተቀበሉ። ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ንጋት ላይ፣ ቅዱስ ቁርባን ተቀብለው፣ በልጆቻቸው መካከል በተወለዱ በ65 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ማሽኑን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ኑሀሚን እጇ እምቢ አላት።

ወይዘሮ ማዘንጊያ የሁለት ልጆች እናትና የአራት ልጆች አያት ነበሩ። እኔን እህታቸውን፣ አብረዋቸው ያረጁትን ሠራተኞቻቸውንና እንደ እህት የኖሩትን ወይዘሮ ፊርዶስን በሐዘን ትተው ሄደዋል። በሕመማቸው ወቅት ፍሪጃችሁን ለነቀላችሁ፣ በሙቀት ለተቀመጣችሁ ጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ ቤተሰቡ የሚከፍላችሁ ምስጋና የለውም። እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። ለሰው ሲሉ ትንፋሻቸውን ያሳጠሩትን እህታችንን ትንፋሽ በማያጥርበት ቤቱ ይቀበልልን፤ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን። አሜን።

አንድ የተሰጠኝ አደራ አለ። ሊያርፉ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ጆሮዬን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ «ዝናሽ፣ ለቅሶ የሚመጣው ሰው እንዳይሞቀው። በቤቱ ያለውን ቬንትሌተር ሁሉ አብሪላቸው» አሉኝ። ከቀብር ስንመለስ ሁሉም እየዞሩ ታገኟቸዋላችሁ፤ ወይዘሮ ፊርዶስ ቤት ቀርተው እያበሩ ነው። እሳቸው አስተምረውናልና እጃችሁ ለምዶባችሁ ወደ ማጥፊያው ይሄድ ይሆናል። አደራችሁን፣ ዛሬ ማንም እንዳያጠፋ።