ረጅሙ ምት በስሜ ተጻፈ

ሁስቢ፣ ስዊድን፣ ዓርብ፣ ኅዳር 14 ቀን 1988 ዓ.ም.

ከሥራ ስገባ ከአሜሪካ የመጣ ፖስታ በሩ ሥር ወድቆ አገኘሁ። ጃኬቴን ሳላወልቅ ቀደድኩት። ውስጡ ያለው የተማርኩበት ኮሌጅ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የክብረ ወሰን መዝገብ አዲሱ ገጽ ነው። በቡድኑ ታሪክ ከሁሉም በላይ ከሩቅ ተመትቶ ነጥብ ያስገኘው ኳስ አሁን በከማል ስም ሰፍሯል። በእኔ ስም።

ያ ምት ለዓመታት በዴቭ ስም ተጽፎ ኖሯል። ዴቭ ያኔ ተጠባባቂዬ ነበር፤ ስመረቅ የማሊያዬን ቁጥር ወሰደ፤ መዝጋቢዎቹ በዚያ ተሳሳቱ። ሁለት ጊዜ ጻፍኩላቸው፣ መልስ አልሰጡኝም። ባለቤቴ ዘሀራ "እስቲ ተወው፣ አንተ ታውቀው የለ" ትለኝ ነበር። እኔ ግን መተው አቃተኝ። ያን ቀን ዝናብ እየወረደ ኳሱን የመታሁት እኔ ነኝ።

ከገጹ ጋር አጭር ደብዳቤ አለ። ስህተቱን ያመለከተው ራሱ ዴቭ ነው። "ምቱ የእኔ አይደለም፤ እኔ የተጠባባቂዎች ወንበር ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ" ብሎ ጽፎላቸዋል።

ዘሀራ ስሜን ጮክ ብላ አነበበችው። ልጃችን ሀያት በስዊድንኛ "ፓፓ፣ ኤር ዴ ዱ?" አለችኝ።

"አዎ፣ እኔ ነኝ" አልኳት።

አላመነችም፤ ደግማ አስነበበችኝ። እንደዛሬ ደረቴን የነፋሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ለዴቭ መጻፍ አለብኝ። የራሱን ስም አስፍቆ የእኔን ያስገባ ሰው ነው። ወረቀት አውጥቼ ስሙን ጽፌያለሁ። ከስሙ ቀጥሎ ምን እንደምለው ግን እስካሁን እያሰብኩ ነው...