ያለ እሱ ፊርማ

ማርች 3፣ 2021፣ ረቡዕ

እስክሪብቶውን አስቀመጠው። ሊፈርም ጎንበስ ብሎ ነበር። ነርሲንግ እንደተቀበሉኝ፣ ክላሱም ማታ ማታ እንደሆነ የነገርኩት ያኔ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። መጀመሪያ ትምህርቱን ተዪ፣ ከዚያ ሳይን አደርጋለሁ አለ። ባሌ ብሩክ። (ከዚህ በኋላ ብ.፤ ሙሉ ስሙን ለመጻፍ እጄ አይታዘዝም።)

ማስታወሻዬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። በጋብቻ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ግሪን ካርዱ የሁለት ዓመት ነው። ሳያልቅ ባልና ሚስት አብረው ፈርመው ቋሚውን ይጠይቃሉ። የኔ ሜይ መጨረሻ ላይ ያልቃል። ብ. ይህን ከኔ በላይ ያውቃል።

«ያመጣሁሽ እኔ ነኝ» አለኝ ሲወጣ። ሻንጣ ነኝ እንዴ?

ማርች 7፣ እሑድ

ብ. ሽማግሌ ይግባ ብሎ ሽማግሌ ገባ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የጋሼ ታደሰ ጋራዥ ውስጥ፣ ለኮቪዱ ሲባል በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ። ሦስቱም ሽማግሌዎች በካፖርት፣ በማስክ፣ በታጣፊ ወንበር ተራርቀው። ብርዱ አጥንት ይገባል። ብ. አንገቱን ደፍቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ... መልአክ! ፊርማውን ሳነሣ፣ ወረቀቱ የትም አይሄድም፣ መጀመሪያ ፍቅሩ ይመለስ ተባልኩ። ነገሩ ይብረድ። ቀጠሮ ለሁለት ሳምንት።

እሺ አልኩ። ትልቅ ሰው አክብሬ።

ማርች 21፣ እሑድ

ሌላ ቀጠሮ። አንደኛው ሽማግሌ ዌርሃውስ ሺፍት ገብተዋል፤ ያለ እሳቸው አይሆንም። ሽማግሌ ነገር የሚያበርደው በቀጠሮ ነው፣ አውቃለሁ። የኔ ካርድ ግን ቀጠሮ አያውቅም። ስንወጣ ብ. ፈገግ አለ። ያኔ ገባኝ። ሽማግሌ የጠራው ሊታረቀኝ አይደለም፤ የካርዴ ቀን እስኪያልፍ በቀጠሮ ሊያቆየኝ ነው። አዲስ አበባ ሕግ ተምሬ ይቺን ተንኮል ለማየት ሁለት ቀጠሮ ፈጀብኝ!

ማርች 25፣ ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ሥራ ላይ ነኝ፣ ቤክስሊ ሰፈር። የምንከባከባቸው አሮጊት ተኝተዋል። ነፃ የሕግ ርዳታ የሚሰጡ ጠበቃ ደውለውልኝ ነበር። ያለ ባል ፊርማ ለብቻ ማመልከት ይቻላል። ግን መጀመሪያ ፍቺ ያስፈልጋል። ጋብቻው የእውነት እንደነበር ማስረጃ፣ ምስክር። ፍቺው ሳያልቅ ካርዱ ሊያልፍ ይችላል፣ ያን ጊዜ ነገሩ ይከብዳል፣ አሉኝ ሳይደብቁ። ደነገጥኩ። ግን ደግሞ ተነፈስኩ።

ኤፕሪል 4፣ እሑድ

ዛሬ ጋራዡ ውስጥ ፍርድ ተሰጠ። ትምህርቱን ለዓመት ላቆይ፤ የብ.ን ጉልበት ስሜ ይቅርታ ልጠይቅ፤ እሱም ይፈርማል። ብ. ጉልበቱን አመቻቸ። እውነቴን ነው፣ ሱሪውን ሳብ ሳብ አድርጎ አመቻቸው!

ተነሣሁ። ለዕርቅ የተቀመጣችሁት ትዳሩ የእውነት ስለሆነ አይደል ወይ፣ እንግዲያው ይህንኑ ጽፋችሁ ፈርሙልኝ አልኩ። ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ እኛ የፍርድ ቤት ሰዎች አይደለንም፣ ልጄ። ብ. ጮኸ። ባለጌ፣ ደፋር፣ አሜሪካ ያበላሻት።

የጋሼ ባለቤት እትዬ አስካለ ከኩሽናው በር ብቅ አሉ። «አንተ ታደሰ፣ ከኤርፖርት ተቀብለህ እቤቱ ያስገባሃት አንተ አይደለህም? ምን ሆና የመጣች መሰለህ፣ ቱሪስት? አንተ ባትፈርም እኔ እፈርማለሁ። በሉ ደግሞ በሩን ዝጉ፣ ቤቱን በረዶ አደረጋችሁት!»

አንደኛው ሽማግሌ ማስካቸው ውስጥ ሳቁ። ብ. አልሳቀም።

ኤፕሪል 5፣ ሰኞ ጠዋት

እትዬ አስካለ ፈረሙ። ጋሼ አልፈረሙም። የፍቺ ማመልከቻዬ ዛሬ ይገባል። ካርዱ ቀድሞ ካለፈ ምን እንደሚመጣ አላውቅም፤ እፈራለሁ፣ ላንቺ አልዋሽም። ትናንት ማታ ጋሼ ደውለው ነበር፤ እስቲ እስከ ፋሲካ ታገሺ፣ አንድ የመጨረሻ ቀጠሮ።

አልታገስም። ጉልበት አልስምም፣ ክላሴንም አልተውም። እዚህ አገር የምኖረው በባሌ ደግነት ነው የሚለኝ ሰው፣ ሽማግሌም ይሁን ቄስ፣ ከእንግዲህ እኔን አያስታርቅም። ቀጠሮ ከማንም አልቀበልም።