የዘሃራ መውረጃና ሰባቱ ታንኳዎች

ሰኞ፣ የካቲት 3፤ ጧት 1፡30
ቁልቁለቱን ለካሁ። ለሦስተኛ ጊዜ። ልክ ነው፤ አትሳቅብኝ ደብተሬ። ሲሚንቶው ደርቋል፣ የእጅ መያዣው ብረት ሰማያዊ ተቀብቷል። ማዘጋጃ ቤቱ ከሚሠራው የሐይቅ ዳር መንገድ ይህች አጭር መውረጃ የኔ ናት፤ ንድፏ በኔ ፊርማ የወጣ። ምረቃ በሚመጣው ሰኞ። መጀመሪያ የምትወርደው ዘሃራ ናት። ላይ፣ መንገዱ ዳር፣ ተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና ዓሣ ትሸጣለች። ውኃው ዳር መውረድ ስለማትችል ሌሎች ሻጮች ቀድመው ይመርጡና የተረፈው ይመጣላታል። ከእንግዲህ ራሷ ትመርጣለች። ቃል ገብቼላታለሁ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
ጉድ! ዘሃራ ልትሞክር መጣች፤ መውረጃው ተዘግቷል። ሰባት የደንገል ታንኳ ብረቴን ተደግፎ ቆሟል፤ ውኃው ይንጠባጠባል። ጮህሁ። ጥበቃውን ጠርቼ አስነሳሁ። ዓሣ አጥማጆቹ ታንኳቸውን ተሸክመው ሄዱ። ዘሃራ ትስቃለች። አንዱ ታንኳ የአጎቷ የጋሽ እንድሪስ ነው።

ረቡዕ፣ የካቲት 5
ማስታወቂያ አስተከልሁ፦ «ታንኳ ማስደገፍ ክልክል ነው።» ከሰዓት ስመለስ ማስታወቂያው ራሱ ላይ ታንኳ ተደግፏል። በንዴት ልፈነዳ ስል ሳቄ አመለጠኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
አፈርሁ። ጋሽ እንድሪስ ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። መውረጃዬ ያረፈበት ቦታ ዝቅ ያለ የድንጋይ ካብ ነበረው። ንድፉ ላይ «ፍርስራሽ፣ ይነሳ» ብዬ ያስነሳሁት። ለካ ታንኳ ማድረቂያቸው ኖሯል! ደንገል ውኃ ይጠጣል፤ ከሐይቅ ሲወጣ ቆሞ ነፋስ ካልመታው ይበሰብሳል። «ብትጠይቂን እኮ እንነግርሽ ነበር፣ ልጄ» አሉኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ነዋሪውን ያወያየነው ጧት በሦስት ሰዓት፣ እነሱ ውኃ ላይ ሳሉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለኔ ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 7
ኃላፊዬ ለምረቃው ቀን አጥማጆቹ ይባረሩ ይላል። ለዘሃራ ነገርኋት። ከተባረሩ ታንኳውንም ዓሣውንም ይዘው ሌላ ዳርቻ ነው የሚሄዱት አለች፤ «እኔ ታዲያ ወርጄ ምን ልገዛ፣ ውኃ?» ቢሮ ገብቼ ደብዳቤ ጻፍሁ። ስህተቱ የኔ ነው፤ ካቡ ከመውረጃው ጎን ይመለስ፤ ካስፈለገ ምረቃው ይራዘም። ፈረምሁ። ኃላፊዬ ሁለቴ አነበበው፣ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ፈቀደ። ለአለቆቹ ግን አንቺው አስረጂ አለኝ። እሺ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፤ 5 ሰዓት፣ ውኃው ዳር
የፈረሰው ካብ ድንጋይ ማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ጀርባ እንደተከመረ ነው፤ ተመስገን። አጥማጆቹ ከውኃ እንደወጡ ራሳቸው ካቡት። እኔ ድንጋይ አቀባይ። አቀባበሌ አልጣማቸውም፤ መሳቂያ ሆንሁ። ታንኳዎቹ ካቡን ተደግፈው ቆሙ፤ መውረጃው ወለል አለ። ዘሃራ ልትወርድ ስትል ልገፋት ጠጋ አልሁ። እጅሽን አንሺ አለችኝ። ብቻዋን ወረደች፤ ቀስ ብላ፣ ብረቱን ይዛ። ጋሽ እንድሪስ ትልቁን የቀረሶ ዓሣ መርጠው ዘረጉላት። ገልበጥ አድርጋ አየችው። አሸተተችው። መለሰችላቸው።
«አጎቴ፣ ይሄ እኮ የትናንት ነው!»
ጋሽ እንድሪስ አፈሩ፤ ከዚያ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔ አለቀስሁ፤ በደስታ ነው። አሁን እየጠራችኝ ነው። ራሷ የመረጠችውን ዓሣ ሳልገዛ የምትለቀኝ አይመስለኝም፤ እየጮኸች ነው፣ መጣሁ ብያታለሁ።