የበርሜሉ ሰርጓጅ

ካርቱም፣ ጀሪፍ
ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለዮሳቤጥ
ካምፓላ

የኔ እናት፣ እንደምን አለሽልኝ? ሥራሽ እንዴት ነው? ያ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚይዝሽ ሳል ተወሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። በእጅ የተጻፈ ደብዳቤ ሲደርስሽ እንዳትደነግጪ፤ ሸበካ፣ ኔትወርኩ፣ ከጠፋ ሰንብቷል፣ ስልኬም ሰዓት ማያ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፣ እሱም ቻርጅ ሲኖረው። ጎረቤታችን ሬሕማ ልጇ ዘንድ ወደ እናንተ ከተማ ልትሄድ ተነስታለች። አውቶቡሷ ሳይነሳ በፊት መጥቼ እወስደዋለሁ ስላለችኝ ነው እንዲህ እየተጣደፍኩ የምጽፈው።

ደስ የሚል ወሬ አለኝ፤ የሚያስፈራም ወሬ አለኝ። ችግሩ ሁለቱም አንድ ወሬ ናቸው፣ ለይቼ ልነግርሽ አልቻልኩም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልያዘው። አባትሽ መናገር ጀምሯል።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ያኔ ሰፈሩን ይዘው የነበሩት ታጣቂዎች ወስደውት ሲመለስ እንዴት እንደነበረ በስልክ ነግሬሽ ነበር። ቀለል አድርጌ ነው የነገርኩሽ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከበራችን ውጭ እግሩን አላነሳም። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል፤ ቃል ግን የለም። እኔ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ዝም ያለ ሰው ፊት ዝም ማለት አይሆንልኝም። ጥያቄውንም እኔው፣ መልሱንም እኔው ሆኜ ለሁለታችን ስናገር ከረምኩ። አንዳንዴማ ራሴን በራሴ ተቆጥቼ ራሴው ይቅርታ እጠይቃለሁ።

አንድ ቀን ከግቢው ጥግ ከተከመረው ዕቃው መሀል አንድ ወፍራም የውሃ ማሱራ አነሳና ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያገላብጠው ጀመር። በማግስቱ መጋዙን አወጣ። የቧንቧ መስመር ሊቀጥል መስሎኝ ነበር፤ ውሃ ከቧንቧው ከጠፋ ስንት ጊዜው! "ምን ልትሠራ ነው?" አልኩትና እንደለመድኩት መልሱንም ልሰጥለት አፌን ስከፍት፣

"ሰርጓጅ" አለ።

በመጀመሪያ ማን እንደተናገረ ዞር ብዬ አየሁ። ከዚያ ሳቄ መጣ፣ ከሳቁ ጋር ደግሞ እንባዬ። ፍሪጅ ጠጋኝ ከመሆኑ በፊት ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል ራዲዮ ሠራተኛ እንደነበረ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሽ የሰለቸሽ ነው። የተወለድንበት ሀገር ባሕር የለውም፣ እኛ ያለንበት ሰፈር የሚጠጣ ውሃ የለውም፣ የኔ ባል ግን በራዲዮ የሚታዘዝ ሰርጓጅ መርከብ ይሠራል።

ልጄ፣ ብታዪው እንዴት ደስ ይልሽ ነበር! ማሱራው ገላዋ ሆነ። ሁለቱን ጫፍ በክዳን ዘጋው፤ ክዳኑን ከውሃ ፓምፕ በፈታው የጎማ ቀለበት ከቦ ቫዝሊን ቀባው። ሆዷ ውስጥ አንድ ትልቅ ሲሪንጅ አለ። ሞተሩ ሲስበው ውሃ ትጠጣና ትከብዳለች፣ ትሰምጣለች፤ ሲገፋው ውሃውን ትተፋና ትወጣለች። ሞተሩንም መቆጣጠሪያውንም የሰጠችው ሬሕማ ናት፤ የልጅ ልጆቿ ጥለውት ከሄዱት አሮጌ የአሻንጉሊት መኪና። የአዲሶቹ ራዲዮዎች ሞገድ ውሃ ውስጥ አይገባም አለኝ፤ የሚገባው የእነዚያ ባለ ረጅም አንቴና አሮጌዎቹ ነው። አፍንጫዋን ስትደፋ ከአሮጌ ባትሪ ያወጣትን የእርሳስ ቁራጭ ወደ ጭራዋ ይገፋል፤ ጭራዋን ስትጥል ወደ አፍንጫዋ። እንዲህ ሲያደርግ ይውላል። ከዚያ ቢጫ ቀለም ቀባት፣ በጎኗም እንደ ባሕር ኃይል ደንብ ስምና ቁጥር ጻፈባት። ስሙን ቆይቼ እነግርሻለሁ።

የምትሰምጥበት ባሕር የልብስ ማጠቢያ በርሜላችን ነው። መጀመሪያ ተጣልተናል፤ ውሃው በአህያ ካሮ የሚመጣ ነው፣ እንዴት መጫወቻ ይሆናል አልኩት። እሱም መለሰልኝ! ተከራከረኝ እኮ! ከዚያ በኋላ መከልከሉን ማን አስቦት። እኔም ሥራ አለኝ፤ ውስጧ ደረቅ ሶፍት ከትተን እናሰጥማታለን፣ ስትወጣ እኔ ክዳኗን ፈትቼ ሶፍቱን እዳስሳለሁ። ደርቆ ያገኘሁት ቀን እልል ልል ብዬ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩት።

አፌን ያስያዘኝን ነገር ልንገርሽ። በዚህ ከተማ አሁን ዝንብ ብትጮህ ሰው ወደ ሰማይ ያያል። ሙሰየራ መጣ ይባላል፣ ያ ሰው አልባ አውሮፕላን፣ ሁሉም ይሮጣል። በራዲዮ የሚነዳ ነገር የያዘ ሰው ሲገኝ ጥያቄ የሚጠይቅ የለም። በዚያ ላይ እኛ አጃኒብ ነን፤ የውጭ ሰው ይውጣ እየተባለ ነው። አርካዊት ሰፈር አንድ አበሻ ራዲዮ ሲጠግን ተገኝቶ ተወሰደ ሲሉ ሰማሁ። የአባትሽ አንቴና ደግሞ ከአጥሩ በላይ ነው የሚታየው። ቁረጠው አልኩት፤ ከቆረጥኩት አትሰማኝም አለ። ብነጥቀው ተመልሶ ዝም ይልብኛል፣ ብተወው ይወስዱብኛል። በዚህ መሀል ተቀምጬ ስስቅም ስንቀጠቀጥም ነው የከረምኩት። መኪና በበራችን ባለፈ ቁጥር መቆጣጠሪያውን ይዤ ዱቄት ውስጥ ልቀብረው እሮጣለሁ። እሱ ከዱቄቱ አውጥቶ እያራገፈ ያየኛል እንጂ አይቆጣኝም።

ታዲያ አንድ ቀን ሰምጣ ሳለች፣ "ራዲዮው ድንገት ቢቋረጥባትስ? እዚያው ልትቀር ነው?" አልኩት። ለዚያ ብዙ ለፍቶበታል ለካ። "ድምፄ ሲጠፋባት ውሃዋን ራሷ ትተፋና ትወጣለች" አለኝ። "አንቺ ብቻ አትሸበሪ። ቆመሽ ጠብቂ።"

ትናንት ረፋድ ላይ መጡ። አንድ ወጣት ዛቢት፣ መኮንናቸው፣ ከሁለት ወታደሮች ጋር። መኪናቸውን አልሰማሁም፣ ወሬ ይዤ ነበር። እሷ በርሜሉ ውስጥ ሰምጣለች፣ መቆጣጠሪያው አባትሽ እጅ ላይ ነው፣ አንቴናው ተዘርግቷል። ዱቄቱ ጋ መድረሻ የለኝም።

ዛቢቱ አባትሽን "ሐጅ" ብሎ ጠራው። አንገቱ ላይ ማተብ ያለበትን ሰው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። የምታበሩት ነገር የት አለ ብሎ ጠየቀ። የምናበረው የለንም፣ የምናሰጥመው ነው ያለን አልኩት። ፍርሃት ሲይዘኝ ይብስብኛል፤ ስለ ሶፍቱም፣ ስለ ሲሪንጁም፣ ስለ ምጽዋም፣ ያለኝን ሁሉ አወራሁለት። እጁን አነሳብኝና "ያ ኻልቲ፣ ኸላስ፣ በቃሽ። እሱ ይናገር" አለ።

ወደ አባትሽ አየሁ። ሄዷል ልጄ። ፊቱ ያ የድሮው ሆኗል፣ ከታጣቂዎቹ የተመለሰ ቀን የነበረው። ዛቢቱ ሁለቴ ጠየቀው፣ ሁለቴም ዝም። ዝም ያለ ሰው የሚደብቅ ይመስላል። እኔ ደግሞ እንዳልናገርለት ተከልክያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ፈርቼ አላውቅም።

ዛቢቱ መቆጣጠሪያውን ከእጁ ነጠቀውና አጠፋው።

በርሜሉ ውስጥ ዝዝ የሚል የሞተር ድምፅ ተሰማ፣ አረፋ ተንተከተከ፣ እሷም ቢጫ ጀርባዋን ይዛ ብቅ አለች። አንደኛው ወታደር ወደ ኋላ ተፈናጠረና ጠመንጃውን በልብስ ማጠቢያ በርሜላችን ላይ ደገነ። ዛቢቱ ጠጋ ብሎ ጎኗን አየ። ጽሑፉን አየ። ለእሱ የማይነበብ ፊደልና የማይታወቅ ቁጥር። የየትኛው ጦር ምልክት ነው ይሄ አለ፤ ድምፁ ተለወጠ። ወታደሩ ጣቱን ቃታው ላይ አደረገ።

"የልጄ ስም ነው" አለ አባትሽ። በዐረብኛ፣ ጥርት አድርጎ። "ዮሳቤጥ ትባላለች። ቁጥሩ የተወለደችበት ዓመት ነው። መርከብ ያለ ስም ውሃ አይነካም።"

አንቺን ነው የጻፈው። አንቺን ነው በርሜል ውስጥ ስናሰጥምና ስናወጣ የከረምነው።

ዛቢቱ ይህን ነገር ለምን እንደሠራ ጠየቀው። አባትሽ ትንሽ ቆየ፤ ተመልሶ የሄደብኝ መሰለኝ።

"ከወረደች በኋላ ስትወጣ ማየት ፈልጌ ነው" አለው።

ወታደሩ ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። ዛቢቱ ጣቱን ወደ በርሜሉ ሰድዶ አፍንጫዋን ጫን አደረጋት፤ ገባ ብላ መልሳ ብቅ አለች። ደግሞ ጫን አደረጋት። ልጅ ነው፣ የሰው ልጅ ነው እሱም። ግን መቆጣጠሪያውን ይዞ ነው የሄደው። ነገ ጠዋት ቢሮ መጥተህ ለአለቃዬ ራስህ አስረዳ አለው።

ዛሬ ማለዳ አባትሽ ጺሙን ተላጨ፣ ያቺን አንቺ የላክሽለትን ሰማያዊ ሸሚዝ ለበሰ። የበሩን መቀርቀሪያ ይዞ ብዙ ቆመ። እኔ ከኋላው ትንፋሼን ይዤ ነበር። አብሬህ ልሂድ አልኩት።

"አንቺ ብዙ ታወሪያለሽ" አለኝ። "እኔው እናገራለሁ።"

ከፍቶም ወጣ። በእግሩ፣ ብቻውን! እስከ መንገዱ መታጠፊያ ድረስ አየሁት፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልዞረም። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግርሽ አልችልም። ያን ሁሉ ጊዜ የተመኘሁት እኮ ይሄንኑ ነው፣ ከበሩ እንዲወጣ።

አሁን የጠዋቱ ጥላ ወደ ማዶ አልፏል። ሩቅ አይደለም ቢሮው። ምናልባት አለቃው ዘግይቶ ገብቶ ይሆናል፣ ምናልባት እንደ ዛቢቱ ወዶት እያስወራው ይሆናል፤ አንዴ ከጀመረ ደግሞ ስለ ምጽዋ ማቆሚያ የለውም። ምሳውን ከድኜ አስቀምጫለሁ። አንድ ዐረፍተ ነገር እጽፍና በሩን አያለሁ፣ ከዚያ በርሜሉን አያለሁ። እሷ ላይ ላይ ተንሳፍፋለች፤ የሚያዛት የለም። እኔም አልተሸበርኩም፣ ቆሜ እየጠበቅኩ ነው።

የኔ ዓለም፣ ስለ እኛ ብለሽ ምግብ እንዳትተዪ። ፈጣሪ በምትሄጂበት ቀድሞሽ ይድረስ። የምትረግጪው መሬት ይቀበልሽ። በርሽን የሚያንኳኳ ሁሉ የሚወድሽ ሰው ይሁን።

የምትናፍቅሽ እናትሽ
አረጋሽ

ከዚህ በታች ያለውን ቦታ ለአባትሽ ነው የተውኩት። በገዛ እጁ ሰላምታ እንዲጽፍልሽ ነው፤ ከመጣ በኋላ ይሞላዋል። ሬሕማ በሩ ጋ ቆማ ያላ፣ ያላ፣ ቶሎ በይ እያለችኝ ነው፤ ትንሽ ታገሺኝ ብያታለሁ። ባዶ ሆኖ ከደረሰሽ ግን ምንም እንዳይመስልሽ፣ ሬሕማ ስለቸኮለች ነው።