ለሒሩት የሸጥኩት ትኬት

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6፣ ናይሮቢ

ዛሬ ሒሩትን ያጣኋት ይመስለኛል።

ካገር ቤት የሚመጣው ዘፋኝ ኮንሰርት ትኬት ገና ሲወጣ አሥር ገዝቼ፣ ካለቀ በኋላ በሦስት እጥፍ ስሸጥ ሰነበትኩ። ማንንም አላስገደድኩም፣ ንግድ ነው እያልኩ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ልትገዛ በማላውቀው ቁጥር የጻፈችልኝ ሴት ሁርሊንግሃም ሰፈር፣ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ቀጠረችኝ። ስደርስ ሒሩት ናት። ኢስትሊ ሰፈር ሁለት ዓመት በአንድ ፍራሽ አብረን የተኛን ሒሩት።

«ለእናቴ ነው» አለች። እናቷ ለሕክምና መጥተው ነበር። ሐኪሞቹ ግን ወደ አገራቸው ይዘሻቸው ግቢ ብለዋታል። ከመሄዳቸው በፊት ዘፋኙን አንዴ በዓይናቸው ቢያዩት ብላ ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ውሰጂው፣ ካንቺ ምንም አልቀበልም» አልኳት።

«እኔ ባልሆን ትቀበዪ አልነበር?»

ትኬቶቹን ዘረጋሁላት።

«እንግዲያው ተቀበዪ። የሌላም ሰው እናት እናት ናት።»

እዚያው ቆማ ገንዘቡን በስልክ ላከችልኝ። እጇን ልይዛት ስል ትኬቶቹን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ወደ ማታቱ ታክሲው ዞረች።

«ደህና ይዋሉ» አለችኝ።

አንቱ አለችኝ። ሒሩት፣ እኔን።