የስቴሽኗ የኋላ ቦታ

ጥቅምት 12፣ 1999
ለማንም ተናግሬው አላውቅም። በ86 ባንችይርጋን መንገድ ላይ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ምጥ ይዟት፣ ወንድሟ ደግፏት ወደ ላሊበላ ጤና ጣቢያ ይሄዱ ነበር። እኛ በስቴሽን መኪናችን ከወልድያ መመለሳችን ነበር። «እትየ፣ ስለ ማርያም ጫኑን» አለ ወንድሟ። «ቦታ የለም» አልኩ። ባሌ ደሳለ ሞተሩን ከፍቶ ውኃ ይጨምር ነበር፤ አልሰማም። ይህን ሳያውቅ ኋላ ሞተ።
ልጁ እዚያው መንገድ ላይ ተወልዶ... አልቆየም። ይህንንም፣ ስሟንም በኋላ ነው ያወቅኩት። አሁን እኔና እሷ አንድ ማኅበር ነን።
ዛሬ ምስር ስለቅም ዋልኩ። ሌላ ነገር የለም። ለምን ዛሬ እንደጻፍኩት እንጃ።

ጥቅምት 15
የደሳለ የወንድም ልጅ አዳም አዲስ መኪና ይዞ መጣ። ከአጎቱ አሮጌ ስቴሽን ጎን አቆመው።
«ሚኒባስ ነው?»
«ሚኒቫን ይበሉት እንጂ እትየ! ሚኒባስ ሲሉት ይቀየማል።»
በሩ ይንሸራተታል። ሦስቴ ከፍቼ ዘጋሁት። ሳቀብኝ። አራተኛም ደገምኩ። ቁመቱስ! ጎንበስ ሳልል ገባሁ ማለት ይቻላል። ስቴሽኗ አፍንጫዋ ረጅም፣ ራሷ ዝቅ ያለ...
«ያቺን ለዶሮ ማደሪያ ያድርጓት።»
«አጎትህ ይስማህ!»
ግን የትኛው ይሰፋል?

ጥቅምት 16
ጠዋት መቀነቴን ይዤ ወጣሁ። ሚኒቫኑን ወንበር ሞልቶታል፤ ከመጨረሻው ወንበር ኋላ የቀረው አንድ ክንድ ነው። ስቴሽኗ የኋላ ወንበሯ ሲታጠፍ... አራት ክንድ። ተሳስቼ ይሆን? ደግሜ ለካሁ። አራት።
አሥራ ሦስት ዓመት «መኪናዋ ጠባብ ናት» ስል ኖርኩ። ለራሴ።

ጥቅምት 17
ገብቼ ተኛሁባት። ሰፋችኝ። ከጎኔ ለጥቅል ምንጣፍም ይተርፋል።
ያን ቀን የጫንነው ምንጣፍ ብቻ ነበር። ልጅ ብትሰጠኝ ብዬ ለማርያም የተሳልኩት ምንጣፍ። ስለት ላይ ሰው አይቀመጥም፣ ደም ይነካዋል አልኩ በልቤ። ማን ነገረኝ? ፊደል ለይቼ ማንበብ ከጀመርኩ ወዲህ በየመጽሐፉ ፈልጌያለሁ። የትም አላገኘሁትም።
እሷ ደግሞ የማርያምን ስም እየጠራች ነበር እኮ።

ኅዳር 2
ከአዳም ጋር ሙጃ ገበያ ሄድኩ። ሚኒቫኑ አያንገጫግጭም፤ ዳገቱን ሳያቃስት ወጣው። ስቴሽኗ ብትሆን ሁለቴ ውኃ ትጠጣ ነበር። ስንመለስ አንዲት አራስ ከመንገድ ዳር እጇን አነሳች።
«ሞልተናል!» አሉ መምሬ ወልደ ሰንበት። ጥላቸው ከጎናቸው ወንበር ይዟል።
አዳም ቆመ። «መምሬ፣ ጥላዎን እግርዎ መሃል ያቁሙት። እሱ ቆሞ መሄድ አይደክመውም።»
ሰዉ ሁሉ ሳቀ። መምሬም ሳቁ። ገባች።
ይህን ያህል ቀላል ነበር?

ኅዳር 9
አዳም ስቴሽኗን እንድንሸጥ ጠየቀኝ። እሺ አልኩት። ለክቼ ጨርሻለሁ።

ኅዳር 21
ማኅበር ነበር። ባንችይርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ታውቀኝ ይሆን? ያን ቀን ተከናንቤ ነበር፤ ዓይኔ ብቻ ነው የሚታይ።
«ምነው ዛሬ እህል አልቀምስ አልሽ?» አለችኝ።
«ነገ ቤትሽ ልምጣ?»
«ምን ጥያቄ አለው፣ ነይ እንጂ! ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ ብቻ» ብላ ሳቀች።
ይህን ደብተር ይዤላት እሄዳለሁ። የእሷ ነው፤ የባንችይርጋ። ፊደል አልቆጠረችም። አንድም ቃል ሳልዘል እኔው አነብላታለሁ።